አምቦ የለበሰችው የእህቴ ቀሚስ

እህቴ ከሞተች በኋላ ልብሶቿን ዘመድ ተከፋፈላቸው። ጫማዋን የአጎቴ ልጅ ወሰደች፣ ሹራቧን እኔ ለበስኩት፣ ጃንጥላዋ እንኳ ባለቤት አገኘ። አንድ ቀሚስ ብቻ ማንም ሳይነካው ቀረ። እናቴ ላስቲክ አልብሳ ከመኝታ ቤቷ በር ጀርባ ሰቀለችው። በሩ ሲከፈት ቀሚሱ ወደ ግድግዳው ሄዶ ይደበቃል፣ ሲዘጋ ደግሞ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። እናቴ በሩን በዘጋች ቁጥር እህቴ አብራት የገባች ይመስል ነበር።

ቀሚሱን የሰፋችው ራሷ ናት። ጌዶ ከተማ አስተማሪ ሆና ከተመደበች በኋላ በመጀመሪያው ክረምት ወደ አምቦ መጥታ የእናቴን የስፌት መኪና ሳሎን መሃል ጎትታ ሰፋችው። ጨርቁ ተራ አቡጀዲ ነው። ልዩ ያደረገው አንገትጌው ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ልብስ ሲቀይሩ ከአሮጌው ላይ ወይን ጠጅ ከፋይ ቆርጣ፣ ትከሻ ላይ ዘርፈጥ ብሎ የሚያርፍ ሰፊ አንገትጌ አወጣችለት። ከወገቡ ዝቅ ብሎ ደግሞ አንድ ኪስ አደረገችበት፣ በግራ በኩል ብቻ። እህቴ ግራኝ ነበረች። ልጅ ሳለች በቀኟ እንድትጽፍ እየተባለ ብዙ ጊዜ ጣቶቿን ተመትታለች። አስተማሪ ስትሆን ጠመኔዋን በግራ ኪሷ ይዛ በግራ እጇ መጻፍ ጀመረች። «አሁን ማን ይመታኛል?» እያለች ትስቅ ነበር።

ጌዶ ብዙ አልቆየችም። መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ኩላሊት ተባለ፣ አምቦ ሆስፒታል ስትደርስ ጊዜው አልፎ ነበር።

እኛ ቤት ተዝካር አይወጣም፣ ፎቶ ፊት ሻማ አይበራም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው «ከጌታ ጋር ናት፣ ተስፋ እንደሌላቸው አታልቅሱ» ብለው ጸልየው ሄዱ። እናቴም በሰው ፊት እንደዚያው ትላለች። ከበሩ ጀርባ ያለውን ቀሚስ ግን አንድም ሽማግሌ አላየውም።

ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት ከአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች መጡ። አብራቸው የተዋንያኑን ልብስ የምታዘጋጅ ሴት ነበረች። አርባ ዓመት ሳያልፋት አይቀርም፣ አንገቷ ላይ ሜትር አንጠልጥላ፣ ደረቷ ላይ መርፌ ቁልፍ ደርድራ ትሄዳለች። ጎረቤታችን ዘንድ ክፍል ተከራይታ ቤት ለቤት እየዞረች የተለበሰ ልብስ ትጠይቅ ጀመር። እኛም ቤት መጣች።

«እማማ፣ ያረጀ ሻርፕም ይሁን፣ የነተበ ሹራብም ይሁን ግድ የለም። አዲስ ልብስ ካሜራ ፊት ይዋሻል። ሰው የኖረበት ልብስ ነው የምፈልገው።»

እናቴ ሻርፕ ልታመጣላት ወደ መኝታ ቤት ገባች። በሩ ከኋላዋ ሲመለስ፣ ሙሉ በሙሉ ከመዘጋቱ በፊት፣ ላስቲክ የለበሰው ቀሚስ በክፍተቱ ታየ። ሴትየዋ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ያ የማን ነው?»

«የልጄ ነው» አለች እናቴ ከውስጥ።

«ልጅዎ የት ናት? ላናግራት?»

እናቴ ሻርፕ መፈለጓን ቀጠለች። «አርፋለች» አልኩ እኔ።

ሴትየዋ ደነገጠች። ይቅርታ እየጠየቀች ወደ ውጭ ስታመራ እናቴ ሻርፑን ይዛ ወጣች።

«ቆይ እስኪ። ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ አንዲት አስተማሪ ነው፣ እማማ። ትንሽ ከተማ ታስተምራለች። መጨረሻ ላይ ከተማውን ጥላ በእግሯ ትሄዳለች።»

«አስተማሪ ናት?»

«አዎ።»

እናቴ ተመልሳ ገባች። ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ቀሚሱን በሁለት እጇ፣ እንደተኛ ሕፃን ይዛው መጣች። «ልብስ ካልተለበሰ ብል ይበላዋል። ወስደሽ አልብሻት» አለች። ሴትየዋ አጥባ፣ ተኩሳ፣ በገዛ እጇ እንደምትመልስ ቃል ገባች። ከዚያ ቀሚሱን ገልበጥ አድርጋ አየችና «ኪሱ ለምን በግራ ብቻ ሆነ?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ነገረቻት። ሴትየዋ ጣቷን ኪሱ ውስጥ አስገብታ ዳሰሰችው።

ቀረጻው ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ያያል፣ እኔና እናቴም ሄድን። ተዋናይዋ ከመኪና ስትወርድ እህቴን አትመስልም ነበር። ቀላ ያለች፣ ፊቷ ሰፋ ያለ፣ ሳቋም ሌላ ነው። ልቤ ትንሽ ረጋ አለ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታን ወደ ድልድዩ መራመድ ጀመረች።

አንገትጌው ትከሻዋ ላይ አረፈ። ቀሚሱ እህቴ ስትሄድ እንደሚያደርገው ከጉልበቷ በታች አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ተወዛወዘ። ድልድዩ መሃል ስትደርስ ግራ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ መሐረብ አወጣች። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ልብስ አዘጋጇ በግራ እጅሽ አድርጊው ብላ አስተምራታለች።

«ከት! እንደገና!» አለ ዳይሬክተሩ።

ተዋናይዋ ተመልሳ ከመነሻዋ ቆመች። እንደገና ሄደች። ፀሐዩ በደመና ተሸፈነ ተብሎ እንደገና፣ አንድ ባጃጅ ጡሩምባ ነፋ ተብሎ እንደገና። እኔ ከዚያ በላይ ማየት አቃተኝና «እማዬ፣ እንሂድ» አልኳት።

«ተይኝ» አለች ዓይኗን ሳትነቅል። «አየሽ፣ ትመለሳለች እኮ። ሄዳ ትመለሳለች።»

ፊልም ሠሪዎቹ ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ ቀሚሱ አብሯቸው ሄደ፣ ምናልባት የሚደገም ቀረጻ ይኖራል ተብሎ። ወራት አለፉ። በሽታው መጣ፣ ሁሉ ነገር ተዘጋ። አንድ ቀን ልብስ አዘጋጇ ደወለች፣ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። የፊልሙ ቢሮ ኪራይ መክፈል አቅቶት ሲለቅ ዕቃው ተበታትኗል፣ የልብስ ሻንጣዎቹ የት እንደገቡ አይታወቅም። ድምጿ ተቆራረጠ። «እማማን አገናኚኝ» አለችኝ።

እናቴ ቆማ አዳመጠቻት። «አይዞሽ» ስትል ሰማኋት፣ «አታልቅሺ፣ አንቺ ምን አደረግሽ? በይ አይዞሽ።» ስልኩን ዘግታ ወደ ክፍሏ ገባች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከበሩ ጀርባ ባዶ ሚስማር ብቻ ነው ያለው።

ፊልሙ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። አምቦ አዳራሽ ውስጥ ሲታይ እናቴ አልሄደችም። እኔ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። የመጨረሻው ትዕይንት ላይ አጠገቤ የነበረች ልጅ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። ተዋናይዋ ድልድዩን ተሻግራ ስትጠፋ ማንም «እንደገና» አላለም። ስክሪኑ ጨለመ።

ኔትወርክ በሚጠፋበት ሰሞን እንኳ ፊልሙ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ብዙም ሳይቆይ ገበያው አካባቢ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ስልካቸውን ከስፌት መኪናው ጋር አስደግፈው፣ ትዕይንቱን እያቆሙ አንገትጌውን ሲለኩ አየሁ። ልጆቹ ቀሚሱን ስም አወጡለት። «አስተማሪዋን ስፋልኝ» ይላሉ። ኦሮምኛው ደግሞ «ባርሲስቱ» ሆነ። መጀመሪያ በአንድ ሠርግ ላይ ሚዜዎቹ ለበሱት። ከዚያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከዚያ የባንክ ሠራተኞች፣ ከዚያ የሁላችንም ጎረቤት። እኔ የምሠራው ውሃ አገልግሎት ቢሮ ነው። አንድ ሰኞ ማለዳ ገንዘብ ተቀባያችን ለብሳው መጣች።

«ኪሱ ለምን በአንድ በኩል ብቻ ሆነ?» አልኳት፣ ምን እንደምትል ለመስማት።

«ፋሽኑ ነዋ!» አለች። ግራ እጇን ከታ ስልኳን አወጣች፣ ልክ እንደ ፊልሙ።

ይሄ ነው ያስፈራኝ። ቀሚሱን ብቻ አልነበረም የወሰዱት፣ እጇን ጭምር እንጂ። አምቦ መንገድ ላይ ሴቶች ሁሉ ግራኝ የሆኑ መሰለኝ። እህቴ የተመታችበትን እጅ ከተማው በሙሉ እንደ ጌጥ አድርጎ ያወጣዋል፣ ያስገባዋል። ለሥራ እንጭኒ ከተማ ሄጄ ገበያው መሃል እህቴን አገኘኋት፣ ከጀርባዋ፣ ዶሮ አንጠልጥላ። ጁባ ሸቀጥ የሚነግድ የአጎቴ ልጅ ፎቶ ላከልኝ። ረጅም ጠይም ልጅ ቀሚሱን ለብሳ ሱቅ ደጃፍ ቆማለች፣ አንገትጌው ከፋይ መሆኑ ቀርቶ አበባ የበዛበት ደማቅ ጨርቅ ሆኗል። «እዚህም ገብቷል፣ ከኛ አገር ፊልም ነው ይላሉ» ብሎ ጻፈልኝ። የቀሚሱን ታሪክ አያውቅም። ከጌዶ አልፋ የማታውቅ እህቴ ጁባ ገባች ብዬ ተቀመጥኩ።

ቀጥሎ ፋብሪካ የሠራው መጣ። አንገትጌው የተሰፋ ሳይሆን የታተመ ነው። ኪሱም ኪስ አይደለም፣ የክር መስመር ብቻ ነው። አንዷ ልጅ እጇን ልታስገባ ስትሞክር ጣቶቿ ጨርቁ ላይ ሲንሸራተቱ አይቼ ፊቴን አዞርኩ።

እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በራችን ላይ መቀመጥ ጀመረች። ወደ ገበያ የሚሄደውን ሰው ታያለች። ቀሚሱን የለበሰች ስታልፍ ትነሳለች፣ ሰላምታ ትሰጣለች፣ ልጅቷ እስክትታጠፍ በዓይኗ ትሸኛታለች። ኋላ ኋላ መጥራት ጀመረች። «ኢንተላ ኮ!» ትላለች፣ ልጄ ማለቷ ነው። ሴቶቹ ዞር ብለው ፈገግ ይላሉ፣ ትልቅ ሰው ሁሉንም ልጄ ይላልና። ፊታቸውን ሲያዞሩ ግን የእናቴ ፊት ሲጠቁር የማየው እኔ ነበርኩ። ሁልጊዜ ከኋላ ሲታዩ ነበር ደህና የሚሆነው።

አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሰምቶ መጣ። አባቴ በሕይወት ሳለ ወዳጁ የነበረ ሰው ነው። «እህቴ ሆይ» አላት እናቴን፣ «የሞተ አይመለስም። ይህን ነገር በጸሎት እናስወግደው።»

«እኔ ተመለሰች ብያለሁ?» አለችው እናቴ። «ልጆቹ ቀሚስ ለበሱ። አያለሁ። ማየት ኃጢአት ነው?»

ሽማግሌው ጸልዮ ሄደ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ እናቴ ሽንኩርት ልግዛ ብላ ወጥታ ምሳ ሰዓት አለፈ። ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። ገበያውን ዞርኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ ሆስፒታል በር ላይ ጠየቅኩ። ወደ መናኸሪያው ስሄድ ከራሷ ስልክ ተደወለልኝ። ድምፁ የማላውቀው የወጣት ሴት ድምፅ ነው።

«የእማማ ልጅ ነሽ? አትደንግጪ፣ ደህና ናቸው። እኔ ዘንድ ናቸው። ጌዶ ነን።»

ሚኒባሱ ጉደርን አልፎ ሲወጣ ያሰብኩትን ሁሉ አሁን መጻፍ አልፈልግም። ስደርስ ልጅቷ መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ቀሚሱን ለብሳለች። ጌዶ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፣ አምቦ መጥታ ዕቃ ገዝታ ስትመለስ ነው የሆነው። እናቴ ከገበያ ጀምሮ ተከትላታለች። መናኸሪያ ገባች፣ መኪናው ላይ ወጣች፣ አጠገቧ ተቀመጠች።

«የሚሄዱበት ያላቸው መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «ከመኪና ስንወርድ ከኋላዬ ቆመው ቀሩ። የት ነው የሚሄዱት አልኳቸው። ‹አንቺ ወደምትሄጂበት› አሉኝ። ምን ላድርግ? ቤቴ ይዣቸው ገባሁ።»

እናቴ የልጅቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንጀራ በሽሮ ትበላለች። ስታየኝ አልደነገጠችም። እኔ ግን ያን ሁሉ ሰዓት የያዝኩት ነገር ከአፌ ወጣ።

«እማዬ፣ እሷ አይደለችም! እሷ ሞታለች!»

«ያበድኩ መሰለሽ?» አለች እናቴ ቀስ ብላ። እጇን ታጠበች። «መሞቷን የገነዝኳት እኔ አውቃለሁ። ጌዶን ግን አላየሁላትም። ነይ እያለች ስትለምነኝ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ለመስቀል እመጣለሁ እያልኩ ቀረሁ። ዛሬ ይቺ ልጅ ከፊቴ ስትሄድ፣ ‹ጌዶ! ጌዶ!› ሲል ረዳቱ ሰማሁ። እሷም ወጣች። ታዲያ እኔ ልቅር?»

ልጅቷ እኔን ታያለች፣ እናቴን ታያለች። በረንዳ ላይ ወጥተን ሁሉን ነገርኳት፣ አቡጀዲውን፣ የመዘምራኑን ከፋይ፣ ግራኝነቷን። እየሰማችኝ ግራ እጇን ከኪሷ ቀስ ብላ አወጣች።

«የፊልሙ ነው ብዬ ነው የገዛሁት» አለች። «ተዋናይዋን እመስላለሁ ብዬ።» ቀጥላም፣ «ላውልቀው?» አለችኝ፣ ሕፃን እናቱን ፈቃድ እንደሚጠይቅ። በእጄ ወደ እናቴ አመለከትኳት።

ወደ ውስጥ ገብታ እናቴን ጠየቀቻት። «ሃርሜ» አለቻት፣ እናቴ ማለቷ ነው። «ይውሰዱት። የእርስዎ ነው።»

እናቴ የቀሚሱን ጠርዝ በጣቶቿ አሸት አደረገች። «የኔ አይደለም። የኔ ልጅ ስፌት እንዲህ አይደለም፣ የሷ ይጠብቃል። አንቺ ልበሺው። አንድ ነገር ብቻ፣ ነገ ትምህርት ቤቱን አሳዪኝ።»

ልጅቷ ዘንድ አደርን። እሑድ ጠዋት ሦስታችን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። ዝግ ነበር፣ ጥበቃው ግን ነርሷን ስለሚያውቃት ከፈተልን። አዲስ ሰው ነው፣ እህቴን አያውቃትም፣ የትኛውን ክፍል እንዳስተማረችም ሊነግረን አልቻለም። እናቴ መስኮቶቹን እያየች ሄደችና አንዱን በር ገፋችው። ውስጡ አቧራና ጠመኔ ይሸታል። የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

«እስኪ ሂጂና እዚያ ቁሚ» አለቻት ነርሷን።

ልጅቷ አየችኝ። እምቢ ብትል ኖሮ አልፈርድባትም ነበር። ቀስ ብላ ሄዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ፊቷን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙራ ቆመች። ማንም ምንም አላላትም፣ ግራ እጇ ግን ወደ ኪሷ ገባ። የተማሪ አግዳሚዎቹ ባዶ ናቸው። ከውጭ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይሰማል። በእውነቴ ነው የምለው፣ ያች ልጅ ብትዞር የማን ፊት እንደማይ እርግጠኛ አልነበርኩም።

«በቃ፣ ገለቶሚ» አለች እናቴ። አመሰግናለሁ ማለት ነው። ተነሳች፣ ከወንበሩ ላይ ያለውን አቧራ በነጠላዋ ጠረገች፣ ወጣች።

ልጅቷ ደጅ ስትደርስ ክንዴን ይዛ አቆመችኝ። «ሰሌዳው ፊት ስቆም» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ከፊቴ የቆመ ሰው ያለ መሰለኝ። ቦታ እንድለቅላት የምትፈልግ።» በኋላ በስልክ እንደነገረችኝ ቀሚሱን ከዚያ ቀን በኋላ አልለበሰችውም። ለሰው መስጠትም አልሆነላትም፣ መጣልም አልቻለችም። ሻንጣዋ ውስጥ ከታች አስቀምጣዋለች። ይህን ስሰማ ለእሷ አዘንኩ። የእኛን ነገር ተሸክማ ቀረች።

እናቴ ከጌዶ ከተመለስን በኋላ በር ላይ መቀመጧን ተወች። ይሄ ተዓምር ነው ብዬ አልዋሽም። እንቅልፏ አልተመለሰም፣ ምግብም እንደ ድሮዋ አትበላም። ግን መጥራት አቆመች።

ፋሽኑም አለፈ። የውጭ ተከታታይ ድራማ መጣ፣ ሴቶቹ ሻሽ እንደ ድራማው ማሰር ጀመሩ፣ ሰፊዎቹም ስልካቸው ላይ ሌላ ነገር ማቆም ያዙ። «አስተማሪዋ» መጀመሪያ የቤት ልብስ ሆነች፣ ከዚያ የጓሮ ልብስ። አንድ ጠዋት ገንዘብ ተቀባያችን ጠረጴዛዋን በወይን ጠጅ ከፋይ ቁራጭ ስትወለውል አየኋት። ቢሮ ውስጥ ቆሜ፣ እጄ ላይ የውሃ ቆጣሪ ይዤ፣ ሰው ሁለት ጊዜ ሊቀበር ይችላል እንዴ ብዬ አሰብኩ።

ባለፈው ዓመት ለስብሰባ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ አዲስ ዓለም ከተማ ላይ ሰው ለማውረድ ቀስ አለ። በመስኮት በኩል፣ ከአስፋልቱ ዳር ድንች የምትሸጥ ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። አንገትጌው በፀሐይ አመድ መስሏል። ጫፉ ተተርትሯል። ተነሳሁ፣ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ ሄደ።

ስመለስ ለእናቴ ልንገራት ወይስ ልተው እያልኩ ቆየሁ። ወጥ ቤት ገብቼ አጠገቧ ቆምኩና ነገርኳት።

ቢላዋዋን አላቆመችም። «ከስታለች?» አለችኝ።

«አይ። እንዲያውም ሞላ ብላለች።»

«ብቻዋን ናት?»

ሴትየዋን እንደገና በሐሳቤ አየኋት። «ልጅ አዝላለች» አልኩ።

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። በመስኮቱ አየች፣ ውጭ ምንም አልነበረም።

«እሰይ» አለች። «እሰይ፣ ወለደች።»